ሌሊት ያንኮራፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማነሣው ስለ ማንኮራፋት ነው። እኛ አገር ሰው ሲያንኮራፋ «ደክሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሚያሳስበኝ ሰመመን ሰጪዎቹም አብረን ማለፋችን ነው። ስለ ስኳር እንጠይቃለን፣ ስለ አስም እንጠይቃለን፣ አፍ አስከፍተን ጉሮሮ እናያለን፤ ሌሊት ትንፋሹ ይቋረጥ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚያቋርጠው በሽታ፣ ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፣ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይዘጋል። ትንፋሹ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቀጥ ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉም ይደጋገማል። ታዲያ የሚተርፈው እንዴት ነው? አንጎሉ ስለሚቀሰቅሰው ነው። ይባንናል፣ አየር ይስባል፣ መልሶ ይተኛል። እኛ በፕሮፖፎል፣ በማስተኛ መድኃኒቱ፣ የምናጠፋበት ይህንኑ መባነን ነው። ከዚያ በኋላ የአየር ማስኩን የያዘው የሰመመን ሰጪው እጅ ካልደረሰለት የሚደርስለት የለም።

ያ እጅም ይቸገራል። ወፍራም አንገት፣ ትልቅ ምላስ፣ ወደ ኋላ የገባ አገጭ፣ ያበጠ ቶንሲል፤ ሌሊት ጉሮሮውን የሚዘጉት እነዚህ ናቸው፤ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት በላሪንጎስኮፕ፣ በጉሮሮ ማያ መሣሪያው፣ ስናይ የድምፅ አውታሩን የሚሸፍኑብንም እነዚሁ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የሰመመን ሐኪሟ ፍራንሲስ ቹንግና ባልደረቦቿ ቶሮንቶ ላይ ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ያዙት። ቱቦ ማስገባት ሳይታሰብ ያስቸገረባቸውን ታካሚዎች የእንቅልፍ ምርመራ እንዲያደርጉ ጠየቁ። ከተመረመሩት 66 በመቶው ስሊፕ አፕኒያ ተገኘባቸው። እስኪ አስቡት! እነዚህ ሰዎች በሽታቸውን ሳያውቁት ነው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ የወጡት።

እዚያው ቶሮንቶ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ስቶፕ ባንግ የተባለው ስሊፕ አፕኒያን መጠርጠሪያ መጠይቅ የሚፈልገው ሜትር፣ ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ብቻ ነው። ጮክ ብሎ ያንኮራፋል? ቀን ቀን ይደክመዋል? ትንፋሹ ሲቆም ያየ ሰው አለ? ደም ግፊት አለበት? ቢኤምአዩ (የክብደቱና የቁመቱ ምጣኔ) ከ35፣ ዕድሜው ከ50፣ የአንገቱ ዙሪያ ከ40 ሳንቲሜትር ይበልጣል? ወንድ ነው? 3 «አዎ» ካገኛችሁ ጠርጥሩ፤ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ። ታካሚውን ብቻ አትጠይቁ፣ «ኧረ እኔ አላንኮራፋም» ይላችኋል። ባለቤቱን ጠይቁ፦ «እትዬ፣ ጋሼ ሌሊት ትንፋሻቸው ቀጥ ብሎ ያስደነግጥዎታል?» እሳቸው በደንብ ያውቃሉ፤ ስንት ሌሊት ነቅንቀው ቀስቅሰዋቸዋል።

መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ኦፕራሲዮኑም በጀርባ አጥንት በሚሰጥ ማደንዘዣ ወይም በብሎክ (የሚሠራበትን ክፍል ብቻ በማደንዘዝ) የሚሠራ ከሆነ እሱን አስቀድሙ። ማስተኛት ግድ ከሆነ ጆሮው ከደረቱ አጥንት እኩል እስኪሆን ትከሻና ጭንቅላቱን ከፍ አድርጉ፣ ኦክስጅን በደንብ ስጡ፣ ሁለተኛ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። በደንብ ሳይነቃ ቱቦውን አታውጡ። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ዋርዱን ነው። ሞርፊን ወይም ፔቲዲን የመሰለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተወግቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ የደም ኦክስጅን መለኪያው ኦክሲሜትር ሳይደረግለት ማደር የለበትም። ይህን ለተረኛዋ ነርስ በቃል ነግራችሁ ቻርቱ ላይም ጻፉት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቱቦው አስቸግሯችሁ ከሆነ ለታካሚው ንገሩት። ማስኩ አስቸግሮ እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደተሳካ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በእጁ ስጡት። የእንቅልፍ ምርመራ እኛ ዘንድ እንደ ልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የደም ግፊቱን ለሚከታተለው ሐኪም ያሳየዋል፣ ነገ ሌላ ከተማ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልገው ደግሞ ለዚያኛው ሰመመን ሰጪ።