የእንግሊዝ አምፕ ድምፅ፦ ከፕሪአምፕ ሞጁል ምን ያህሉ ይገኛል?

የተከበራችሁ ጊታሪስቶች፣ የሳውንድ ባለሙያዎች፣ በየቤታችሁ ፔዳል የምትበይዱ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ፕሪአምፕ ሞጁሎች፣ ማለትም የጊታር አምፕን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ለይተው የያዙ ዕቃዎች ናቸው፤ በተለይ የእንግሊዞቹን አምፖች፣ የማርሻልንና የቮክስን የድሮ ድምፅ እንሰጣለን የሚሉት። ግንባራቸው ላይ ፕሌክሲ፣ 800 ወይም ቶፕ ቡስት የሚል የተጻፈባቸውን ማለቴ ነው፤ ሁለቱ የማርሻል፣ ቶፕ ቡስት የቮክስ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ደርድሮ «የቱ ይሻላል?» ማለት የተለመደ ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነገር ዘሎ ያልፋል። የአምፕ ድምፅ ከአንድ ቦታ አይወጣም። ከፊሉ የጊታሩን ሲግናል ቀድሞ ከሚያጎላውና ከሚቀርጸው ከፕሪአምፑ፣ ከፊሉ ስፒከሩን ከሚያንቀሳቅሰው ከፓወር አምፑ፣ ከፊሉ ከስፒከሩ ነው። ሞጁሉ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሞጁል ወደ ዋናው አምፕ ምን ያህል ይጠጋል የሚለውን የሚወስነው የሠሪው እጅ ብቻ አይደለም፤ ያ አምፕ ድምፁን በየትኛው ክፍሉ እንደሚሠራው ጭምር ነው። በዚህ ሚዛን 800 ቀላሉ፣ ፕሌክሲ ከባዱ ነው። ቶፕ ቡስት መሃል ላይ ሆኖ የራሱ ጣጣ አለው።

ከከባዱ ልጀምር። ጂም ማርሻል ከኬን ብራንና ከዳድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ፣ ለንደን ሃንዌል ካለው ሱቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ጄቲኤም45 የፌንደር ቤዝማንን ሰርኪዩት የተከተለ ነበር። ከእሱ የተወለደው ባለ 100 ዋቱ ሱፐር ሊድ ነው ዛሬ ፕሌክሲ የምንለው። ልዩነታቸው ጥቂት ዕቃዎች ላይ ነው። ጄቲኤም45 የቶን ክፍሉ ላይ 56 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 250 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ነበረው፤ የ1960ዎቹ መጨረሻ ሱፐር ሊድ ግን 33 ኪሎ ኦምና 500 ፒኮፋራድ ነው። ሚዱ ወደፊት የወጣው በዚህ ነው። ስለዚህ «ጄቲኤም» እና «ፕሌክሲ» የሚባሉ ሁለት ሞጁሎች ብታገኙ ሁለት ስም የወጣለት አንድ ዕቃ አድርጋችሁ አትዩአቸው።

ሱፐር ሊድ ማስተር ቮሉም፣ ማለትም ፕሪአምፑን ሳይነካ የመጨረሻውን ጩኸት ብቻ የሚቀንስ ማዞሪያ፣ የለውም። የሚታወቅበት ድምፅ የሚመጣው ቮሉሙ ወደ 7 እና 8 ሲወጣ፣ ፌዝ ኢንቨርተሩ (ሲግናሉን ለፓወር ቲዩቦቹ ለሁለት የሚከፍለው ደረጃ)፣ አራቱ ኢኤል34 ቲዩቦችና የውጪው ትራንስፎርመር አብረው ሲጨነቁ ነው። ፕሪአምፑ ብቻውን ሲሰማ የዋህ ነው። ፕሌክሲ ሞጁል ገዝቶ፣ ጌይኑን (ሲግናሉ የሚጎላበትን መጠን) ጥግ አድርሶ፣ «ይሄ ነው እንዴ?» የሚል ሰው ሞጁሉን ያማል፤ የጎደለው ነገር ግን መጀመሪያም ሞጁሉ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ሠሪዎች ይህን ለማካካስ ብዙ ጊዜ አንድ የጌይን ደረጃ ይጨምራሉ። ያኔ ስሙ ፕሌክሲ ሆኖ ይቀርና ጠባዩ ወደ 800 ይሄዳል። እኔ የዋሁን እመርጣለሁ፤ ፓወር አምፑን ጮክ አድርጎ መክፈት ለማይችል ሰው ግን አልመክረውም።

ሰርኪዩቱን ማየት የምትችሉ ከሆነ ሁለት ቻናል መኖሩን ፈልጉ። የብራይት ቻናሉ ካቶድ (ከቲዩቡ እግሮች አንዱ) ላይ 2.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.68 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከዚያ በኋላ 2.2 ናኖፋራድ ማስተላለፊያ ካፓሲተር አለ፤ ሁለቱም ቤዙን ይላጩታል። የኖርማሉ ቻናል ካቶድ 820 ኦምና 250 ወይም 330 ማይክሮፋራድ፣ ማስተላለፊያው 22 ናኖፋራድ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ነው። ብዙ ጊታሪስቶች ሁለቱን በአጭር ኬብል አገናኝተው የሚጫወቱት ቅጥነቱን በውፍረቱ ለመሙላት ነው። ሞጁሉ ብራይቱን ብቻ ቀድቶ ኖርማሉን ከተወ፣ ስትራቶካስተር ይዛችሁ ድልድዩ አጠገብ ባለው ፒክአፕ ስትጫወቱ ምን ቢነካካ ቅጥነቱ አይለቅም።

ሌላው ተደጋጋሚ ቅሬታ «ጌይኑን ዝቅ ሳደርግ ጆሮዬን ይወጋኛል» የሚለው ነው። ምክንያቱ የሱፐር ሊዱ ብራይት ቮሉም ላይ የተሻገረው 5000 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ነው። ቮሉሙ ዝቅ ባለ ቁጥር ትሬብሉ ብቻውን በካፓሲተሩ በኩል ያመልጣል፤ 10 ላይ ሲደርስ ካፓሲተሩ መኖሩም አይታወቅም። ዋናው አምፕ ጮክ ተብሎ ስለሚከፈት ማንም አይጨነቅበትም፤ ማስተር ያለው ሞጁል ላይ ግን ችግር ነው። ከ100 እስከ 500 ፒኮፋራድ ባለው ለውጡት፣ ወይም አንድ እግሩን አንሱት። እውነተኛ የቲዩብ ቮልቴጅ ያለው ሞጁል ከሆነ ግን እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ የፊልተር ካፓሲተሮቹ መራገፋቸውንም በመልቲሜትር አረጋግጡ። እነዚያ ካፓሲተሮች ከጠፋ በኋላም ሰው ይመታሉ።

ወደ 800 እንሻገር። ማርሻል ማስተር ቮሉም ያለውን 2203 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ጄሲኤም800 የሚለው ስም የመጣው በ1981 ነው። እዚህ የጌይን ደረጃዎቹ ተከታትለው ስለተቀጠሉ ዲስቶርሽኑ በአብዛኛው የሚሠራው ፕሪአምፑ ውስጥ ነው። ሞጁል ሆኖ ሲመጣም ለዚህ ነው ብዙ የማይጎድልበት። ቁልፉ ሁለተኛው ደረጃ ነው፦ ካቶዱ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ፣ ካፓሲተር የለውም። ቲዩቡ «ቀዝቅዞ» ስለሚሠራ የሞገዱን አንድ ጎን ቀድሞ ይቆርጣል። ያ ቀርጨጭ የሚለው ጠርዝ ከዚያ ነው። ለስላሳ እንዲሆን ብለው ይህን ሬዚስተር ወደ 2 ኪሎ ኦም አካባቢ ያወረዱ ሞጁሎች አሉ፤ ጌይኑ ይጨምራል፣ ብቻቸውን ሲሰሙ ደስ ይላሉ፣ ከበሮና ቤዝ ሲገባ ግን ይሰጥማሉ።

እግረ መንገዴን፦ አንቺሆዬን ሁለት ሁለት ክር አብራችሁ እየመታችሁ ከተጫወታችሁ፣ በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡት ኖታዎች በ800 ጌይን ውስጥ እርስ በርስ ተደባልቀው ሻካራ ጉርምርምታ ያወጣሉ። የሞጁሉ ጉድለት አይደለም፤ ማንኛውም ዲስቶርሽን ይህን ያደርጋል። ጌይኑን ወደ 3 ወይም 4 አውርዱ፣ አለዚያ በነጠላ ክር ተጫወቱ።

ቶፕ ቡስት የቮክስ ኤሲ30 ነው፤ የኬንቱ ዳርትፎርድ፣ የቶም ጄኒንግስ ኩባንያና የዲክ ዴኒ ሥራ። መጀመሪያ ከአምፑ ጀርባ የሚጨመር ተቀጥላ ነበር፤ አንድ የጌይን ደረጃ፣ አንድ ካቶድ ፎሎወር፣ ከዚያ ትሬብልና ቤዝ። ሚድ የሚባል ማዞሪያ የለውም። ሁለቱንም ከፍ ስታደርጉ ሚዱ ይጎደጉዳል። ሚድ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ወደ 3 አውርዳችሁ ቮሉሙን ጨምሩ። ሞጁሉ ላይ ሚድ ማዞሪያ ካያችሁ ሠሪው የጨመረው ነው፤ ክፋት የለውም፣ ግን ስታወዳድሩ ይህን እወቁ።

ጣጣው ያለው ፓወር አምፑ ጋ ነው። የኤሲ30 አራት ኢኤል84 ቲዩቦች በካቶድ ባያስ (የሥራ ነጥባቸውን ካቶዱ ላይ ባለ ሬዚስተር ይዘው) ይሠራሉ፣ ኔጋቲቭ ፊድባክም (ከውጪው ድምፅ ጥቂቱን ወደ ኋላ መልሶ አምፑን የሚገራ መንገድ) የላቸውም። ስለዚህ ሲጫኑ ቀስ ብለው ይጨመቃሉ፣ የስፒከሩ ጠባይም ልጓም ሳይደረግበት ይሰማል። «ከት» የሚባለው ማዞሪያም ፕሪአምፑ ውስጥ ሳይሆን ፌዝ ኢንቨርተሩ ላይ ነው፤ ሲጨምሩት ትሬብሉን ይቀንሳል። ቶፕ ቡስት ሞጁልን ፊድባክ ባለው ባለ ኢኤል34 ፓወር አምፕ ውስጥ ስትከቱ ይደርቃል። ፓወር አምፑ ላይ ፕረዘንስ ካለ ዜሮ አድርጉትና ከዚያ ትሬብሉን አስተካክሉ። በነገራችን ላይ ማርሻል ላይ ያለው ፕረዘንስም የፓወር አምፑ ፊድባክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሞጁል ላይ «ፕረዘንስ» ተብሎ የተጻፈው ተራ የትሬብል ማጣሪያ ነው፣ እንደ ዋናው ከጣት ጋር አይንቀሳቀስም።

የሃይዋት ድምፅ አለኝ የሚሉ ሞጁሎችም ይሸጣሉ። የሃይዋቱ አምፕ ዲአር103 የተወደደው 100 ዋቱን ንጹሕ አድርጎ ስለሚሰጥ ነው፤ ያንን በሞጁል መግዛት አይቻልም። እለፉት።

አሁን ሞጁሎቹ ከምን እንደሚሠሩ። ብሩስ ኢግኔተር የጀመረው፣ በኋላ ራንዳል ያመረተው፣ አሁን ደግሞ ሲነርጂ የያዘው መንገድ እያንዳንዱ ሞጁል ሁለት 12ኤኤክስ7 ቲዩብ ይዞ ኃይሉን ከሚገባበት ቤት እንዲያገኝ ነው። ቲዩቡ ሙሉ ቮልቴጁን ያገኛል። ፔዳል የሚመስሉት ደግሞ ብዙዎቹ በቲዩቡ ቦታ ጄፌት ትራንዚስተር ተክተው በ9 ወይም በ18 ቮልት ይሠራሉ። ለምትበይዱት፦ ጄ201 ከአንዱ ወደ አንዱ በጣም ይለያያል፤ የመዝጊያ ቮልቴጁ ከ0.3 እስከ 1.5 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ያለውን ሬዚስተር ዝም ብላችሁ አትትከሉ። ድሬኑ ላይ 100 ኪሎ ኦም ትሪመር አድርጉና በ9 ቮልት አቅርቦት ከ4.5 እስከ 5 ቮልት እስኪያነብ አስተካክሉ። ኖታው ሲያልቅ እየተቆራረጠ የሚሞት ከሆነ ባያሱ ስቷል።

አዳፕተር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ 12ኤኤክስ7 ለማሞቂያው ብቻ በ12.6 ቮልት 150 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ሁለት ከሆኑ 300። የፔዳል ቦርዳችሁ መውጫ 100 ሚሊአምፔር ከሆነ ሞጁሉ ይበራል፣ ግን ደብዝዞና እያንጎራጎረ ነው። በማክስ1044 ቮልቴጅ የሚያበዛ ፔዳል ቀጭን ፉጨት ካሰማ ደግሞ የቺፑን 1ኛ እግር ከፖዘቲቩ ጋር አገናኙት፤ ፉጨቱ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ይወጣል።

እምምታውን፣ ያንን የማይቋረጥ የመብራት ጉርምርምታ፣ በጊታራችሁ ለዩት። የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ነው። በስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 98 ሄርዝ ነው። እምምታው ከዚያ ኖታ ጋር ከተስማማ 100 ሄርዝ ነው፤ የኃይል ክፍሉን ፊልተር ካፓሲተሮች ጠርጥሩ። አንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለ የግራውንድ ሉፕ ወይም ከትራንስፎርመር የሚመጣ ነው። አሜሪካ ለምትጫወቱት መብራቱ 60 ሄርዝ ስለሆነ ኖታው ወደ ቢ ይወጣል።

አገናኙን በሚመለከት፣ ሞጁሉ መግባት ያለበት የአምፑ ኢፌክት ሪተርን ላይ፣ ማለትም ሲግናሉ በቀጥታ ወደ ፓወር አምፑ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው። ፊት ለፊት ያለው ግቤት ላይ ከሰካችሁት ሁለት ፕሪአምፕ፣ ሁለት የቶን ክፍል ትደራርባላችሁ፤ ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሪተርን ከሌለና አምፑ የፌንደር ዓይነት ከሆነ ትሬብልና ቤዙን ወደ 2 አውርዳችሁ ሚዱን 10 አድርጉ፤ ወደ ጠፍጣፋ ይጠጋል። ሉፑ (የኢፌክቱ መውጫና መመለሻ መንገድ) ፓራለል ከሆነ፣ ማለትም የአምፑን ድምፅም ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ሚክሱን 100 በመቶ አድርጉ፣ አለዚያ የአምፑ የራሱ ድምፅ ከሞጁሉ ጋር ተደርቦ ጎድጓዳ ያደርገዋል።

በየቤተ ክርስቲያኑና በየሆቴሉ ብዙ ጊዜ አምፕ የለም፣ ቀጥታ ወደ ሚክሰር ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ይጥለዋል፤ የሳውንድ ሲስተሙ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣል። የካቢኔት ማስመሰያ ከሌለ 800 ሞጁል የንብ መንጋ ነው የሚሆነው። ለፕሌክሲ የግሪንባክ ስፒከር፣ ለቶፕ ቡስት የሰለስቺን ብሉ ካቢኔት ፋይል ጫኑ። ሳውንድማኑ ትሬብሉን በሚክሰር ልቁረጠው ካለ፣ ረጋ ያለው የሚክሰር ቁልፍ ያንን ቁልቁለት አይሰጥም፤ ቢያንስ ሎው ፓስ ፊልተር ያስፈልገዋል።

ስታወዳድሩ ከሁሉ በፊት ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ የድምፅ መለኪያ ይዛችሁ በግማሽ ዴሲቤል ውስጥ አምጧቸው። ሉፐር (የተጫወታችሁትን ቀድቶ የሚደጋግም ፔዳል) ከሞጁሉ በፊት አስቀምጣችሁ አንድ ሐረግ ቅዱና ያንኑ በሁሉም አሳልፉ፤ የእጃችሁ ልዩነት ይወጣል። ከዚያ ግን ሉፐሩን ነቅላችሁ ጊታሩን በቀጥታ ሰኩ። የሉፐሩ ባፈር (መሃል ገብቶ ሲግናሉን የሚያስተላልፍ ሰርኪዩት) ፒክአፑን ከሞጁሉ ግቤት ስለሚለየው፣ የጊታሩን ቮሉም ወደ 5 ስታወርዱ ድምፁ እንዴት እንደሚጠራ በሉፐር አይታይም። ፕሌክሲ ደግሞ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ለመግዛት ለምታስቡ፣ በሳምንት ሦስት ቀን በሚክሰር ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ 800 ከካቢኔት ማስመሰያ ጋር ውሰዱ፤ ጌይኑን 3 ላይ ብታደርጉት ለአብዛኛው ዘፈን ይበቃል። ባለ ሪተርን የቲዩብ አምፕ ያላችሁና መክፈት የምትችሉ፣ ሁለት ቻናል ያለው ፕሌክሲ ነው የእናንተ። ቶፕ ቡስትን የምመክረው ፓወር አምፑ በኢኤል84 ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ። ሞጁል ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ እናገናኘውና እንስማው።