ቢጫዋ ፎልደር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄ ወረድ ያለ ከመሰላችሁ ማይኩ አይደለም። ማይኩ ደህና ነው።

ስለ ራም፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃን ለጊዜው ስለሚይዝበት ሜሞሪ ነበር ላወራችሁ ያሰብኩት። "ራም ለምን እንዲህ ተወደደ?" እያላችሁ ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። ማስታወሻዬንም ይዣለሁ። አጭሩ መልስ ይሄ ነው፤ የራም ቺፕ በብዛት የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን። የሦስቱም ፋብሪካ አሁን ፊቱን ወደ ኤአይ ዳታ ሴንተሮች አዙሯል። ማይክሮን እንዲያውም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2025 ክሩሻልን እንደሚያቆም አስታወቀ። ክሩሻል እኮ ለእኛ ለተራዎቹ የሚሸጠው ብራንዱ ነው። ላፕቶፕ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ክሩሻልን በእጁ ሳይዝ አልቀረም። እኔ ራሴ ስንቱ ማሽን ውስጥ እንደከተትኩት…

የአባዬ ላፕቶፕ ውስጥም አለ።

ይኸው። ራም ብዬ ጀምሬ አባዬ ጋ ደረስኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሆንኩት። እና ራሙ ይቆየን። ይቅርታ።

የአባዬን ላፕቶፕ ታውቋታላችሁ። ያቺ ግራጫዋ፣ ስትከፈት ማጠፊያዋ የሚንቋቋው። "አሁንም በሕይወት አለች?" እያላችሁ የምትጽፉልኝ። አለች። እንዲያውም እንደ አሁኑ ፈጥና አታውቅም። እሱ ነው ደግሞ የሚያናድደኝ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ያበቃው ኦክቶበር 14፣ 2025 ነው። ይሄን ቀን እዚህ ስንት ጊዜ እንደጠራሁት እናንተ ታውቃላችሁ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። የአባዬ 6ኛ ትውልድ ናት። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም እጭንለታለሁ አልኩ። ለብዙዎቻችሁም ይሄንኑ ነው የመከርኩት። አሁንም ምክሬን አልቀየርኩም። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን ግን… እንጃ።

የቸኮልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሜይ 2017 ላይ ዋናክራይ፣ ያ በዊንዶውስ ቀዳዳ እየገባ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ፣ ሲመጣ ትዝ ይላችኋል? ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ማርች ላይ ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ። ያልጫኑት ናቸው በብዛት የተመቱት። ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ አቁመው ነበር። አባዬ በዚያች ማሽን ባንክ ይከፍታል። ማስተካከያ የማያገኝ ሲስተም ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን በአንድ ጣቱ ቀስ እያለ ሲጽፍ ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ግን አንድ ዓመት ነበረኝ። ለግለሰቦችም ቢሆን የደህንነት ማሻሻያው እስከ ኦክቶበር 2026 የሚራዘምበት መንገድ ነበር። አውቀዋለሁ። እዚህ ተቀምጬ ነግሬያችኋለሁ። ለእናንተ "አትደናገጡ፣ ጊዜ አላችሁ" አልኩ። ለአባዬ ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስኩለት።

እሺ። ቅዳሜን ልንገራችሁ።

አባዬ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። እኔ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ እየገለበጥኩ ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ። የብራውዘሩን ቡክማርክ ሳይቀር። በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። የተገለበጠውን ከፈት ከፈት እያደረግኩ አይቻለሁ። ፎቶዎቹ ይከፈታሉ፣ ቪዲዮው ይጫወታል። ከዚያ ፍላሹን ሰካሁ፣ ከፍላሹ አስነሳሁት፣ ሊኑክሱ መጣ። ቋንቋ መረጥኩ፣ ሰዓት መረጥኩ። "ዲስኩን አጥፍተህ ጫን" የሚለው ጋ ደረስኩ። ማስጠንቀቂያው ወጣ። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል? ይላል።

አባዬ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና አነበበው። ቀስ ብሎ ነው የሚያነብ። ከዚያ ጣቱን አነሳ። ወደ ስክሪኑ አይደለም፤ እንዲሁ፣ ከጉልበቱ ላይ ከፍ አደረጋት። "ቆይ… ያቺስ…" አለ።

እኔ "ሁሉንም ይዤዋለሁ አባዬ፣ አታስብ" አልኩት።

ጣቱን መለሳት። ተጫንኩት።

ይሄው ነው። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ጊዜ እንደመለስኩት። "ቆይ… ያቺስ…"። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። አላስጨረስኩትም። ፊቴን እንኳ ወደሱ አላዞርኩም፤ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ድምፄ ደግሞ… ደስተኛ ነበር። እሱን ነው መርሳት ያቃተኝ። የምታውቅ ሰው ድምፅ ነበር። ያ ድምፅ ነው አባዬን ዝም ያሰኘው።

ማታ ላይ፣ አዲሱን ሲስተም አሳይቼው፣ ተደስቶ፣ በስንት ሰከንድ እንደምትነሳ አብረን ቆጥረን፣ "ልጄ፣ ያቺ ቢጫዋ የት ገባች?" አለኝ።

"የቷ ቢጫ?"

"ቢጫዋ ናት እንጂ። የምጽፍባት።"

ቢጫ ፎልደር። ዊንዶውስ ላይ ፎልደር ሁሉ ቢጫ ነው።

ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው ያስቀመጣት። ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም፣ ዴስክቶፕ ላይም አይደለም። በቀጥታ ሲ ውስጥ። ለምን እዚያ? እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት "አባዬ፣ ዴስክቶፑን አታጨናንቀው፣ ማሽኑ ይዝላል" ብዬው ነበር። ሰማኝ። ሄዶ ሌላ ቦታ ፈለገ። ስሟም "ኒው ፎልደር 3" ነበር አለኝ። እና እኔ… ስገለብጥ ሲ ድራይቭን ከፍቼ ያየሁት ይመስለኛል። ኒው ፎልደር የሚል ነገር ያለፍኩ ይመስለኛል። ወይም አሁን ነው አእምሮዬ የፈጠረው። ባዶ ነው ብዬ አለፍኩት? ወይስ ጭራሽ አልከፈትኩትም? በሳምንቱ ውስጥ ሁለቱንም አምኛለሁ።

ምን ነበረባት አልኩት። "እንዲሁ ነው፣ የማስታውሰውን ነው" አለኝ። ስለ አባቱ ነበር የሚጽፈው። አያቴን ማለት ነው፣ አላውቃቸውም። ሁለት ዓመት። በአንድ ጣት።

…

ሃርድ ዲስክ ቢሆን ኖሮ እኮ ተስፋ ነበረኝ። ይሄን ላስረዳችሁ፣ ለአንዳንዶቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ስታጠፉ ፋይሉ ራሱ አይነካም። የሚፋቀው ማውጫው ላይ ያለው ስሙ ነው። ገጹ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ፣ እዚያው ተኝቷል። ፎቶሬክ የሚባለው ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ ያወጣዋል። ስንት የጠፋ ፎቶ በዚህ መልሻለሁ። የምወደው ሥራ ነው።

ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ መረጃን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ዲስክ፣ ግን ሌላ ነው። ፍላሽ ሜሞሪ የተጻፈበት ቦታ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ መጀመሪያ መጽዳት አለበት። ማጽዳቱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሲስተሙ ለዲስኩ "ይሄ ቦታ ከአሁን በኋላ አያስፈልገኝም" ብሎ አስቀድሞ ይነግረዋል። ትሪም ይባላል። ዊንዶውስ ከ2009 ጀምሮ፣ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ማለት ነው፣ ያደርገዋል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዲስኩን ኤክስት 4 በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት ስታደርጉ ትእዛዙ ለመላው ክፍል በአንዴ ይሄዳል። ዲስኩም ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ያንን ቦታ ስታነቡት አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ዜሮ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ልብ በሉ። ኤስኤስዲዎች ፈጥነው እንዲጽፉ፣ ቶሎ እንዳያረጁ የሚረዳቸው እሱ ነው። በጣም ብልህ ሥራ ነው።

ኤስኤስዲውን የገጠምኩለትም እኔ ነኝ። የልደቱ ቀን። አሮጌው ሃርድ ዲስክ እየተንቋቋ ሲያስቸግረው፣ "ይሄን አውጥተን ፈጣን እናስገባልህ" ብዬ። ምን ያህል እንደተደሰተ እዚሁ ነግሬያችሁ ነበር። "ድምፁ ጠፋ እኮ፣ በሕይወት አለች?" እያለ ጆሮውን ያስጠጋት ነበር።

ፎቶሬክን ሌሊቱን ሙሉ አስነሳሁት። የሊኑክሱን የራሱን ፋይሎች አወጣልኝ። የአባዬን አንድም። ከዚያ ዲስኩን በቀጥታ ከፍቼ በጥሬው አየሁት። ዜሮ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ዜሮ። በጣም ንጹሕ ነው።

አንድ ታሪክ አለ፣ ሁልጊዜ የምመለስበት። ጊትላብ፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ኩባንያ፣ ጃንዋሪ 31፣ 2017። አንድ መሐንዲስ ሌሊት፣ ደክሞት፣ የዳታቤዙን ፎልደር ያጠፋል። ያጠፋው ግን የተሳሳተው ሰርቨር ላይ፣ ዋናው ላይ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ 4.5 ጊጋባይት ነበር የቀረው። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ ሲፈትሹት አንዱም በቅጡ አልሠራም። ከዚያ ምን አደረጉ? አልደበቁትም። እንዴት እየመለሱት እንደሆነ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው መሆን ያለበት ብዬ ስንት ጊዜ አውርቼበታለሁ።

በዚህ ሳምንት እንደገና አነበብኩት። መጽናኛ ፈልጌ ነው። መጨረሻው ላይ ግን እነሱ ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሰው በእጁ ያነሳት ቅጂ ተገኝታላቸው ነው የዳኑት። እኔ የስድስት ሰዓት ቅጂ የለኝም።

አሁን "ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ" የሚለውን ሕግ እየጠበቃችሁ ይሆናል። ሕጉ ትክክል ነው። ቅጂ ልታደርጉላቸው የሚገቡ ሰዎች ካሏችሁ ዛሬውኑ አድርጉላቸው። ግን እኔ ጋ የተበላሸው ሕጉ አይመስለኝም። ቅጂ አድርጌያለሁ እኮ። አሁን ያለው ቅጂ አምስት ቢሆን ኖሮ አምስቱም ላይ ያቺ ፎልደር አትኖርም ነበር። የትኛዋ ፎልደር እንዳለች የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር። እሱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ወይም… እንጃ። ምናልባት ነገሩን ከልክ በላይ እያደረግኩት ነው። ዲስኩን በሙሉ እንዳለ፣ ሴክተር በሴክተር፣ አንድ ቅጂ ባነሳ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ቴክኒካዊ ስህተት ነው፣ በቃ። የውጭው ዲስኬ ቦታ ነበረው። አርባ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ከእንግዲህ የማንንም ማሽን ሙሉ ቅጂ ሳላነሳ አልነካም።

አይ፣ ግን የሚረብሸኝ አርባ ደቂቃው አይደለም።

አባዬ "ግድ የለም" ነው ያለኝ። ፊቱ ላይም ምንም የለም። ሻይ ጠጣን፣ አዲሱን ሲስተም ወደደው፣ ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው ብሎ አመሰገነኝ። "እንደገና ትጽፈዋለህ" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት አላውቅም። "አዎ" አለ። ባለፈው ሄጄ ሳየው ላፕቶፗ ተከፍታ ዜና እያነበበባት ነበር። ፈጣን ናት። ምንም ችግር የለባትም።

እና አንድ ነገር አለ። ዲስኩን አውጥቼ በሌላ ቀይሬለታለሁ። ያኛው እኔ ጋ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በጨርቅ ጠቅልዬው። ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ዜሮ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ለአባዬ ግን "እየፈለግኩ ነው" ብዬዋለሁ። ከሳምንት በፊት ነው ያልኩት። እሱም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ… የሚያውቅ ይመስላችኋል?

ይሄን ፕሮግራም ሰምቶት አያውቅም። ግን ቀድቼ በጨረስኩ ቁጥር ስደውልለት "ዛሬ ስለምን አወራሽ?" ይለኛል። ሁልጊዜ። ስለ ፕሮሰሰር እለዋለሁ፣ ስለ ስልክ ባትሪ እለዋለሁ፣ "በርቺ" ይለኛል።

አሁን ልደውልለት ነው። ስለ ራም ነው ልለው እችላለሁ፣ ትንሽ አውርቻለሁ እኮ፣ መጀመሪያው ላይ…

እሺ። ልዝጋው።