ሸዋ በር እንዳይዘጋ፦ ከልብ ምርመራ በኋላ የእጅ አንጓችን

ሰላም ቤተሰብ! ከሐረር ነኝ። እስቲ አንጓችሁን፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ዳስሱልኝ። ትርታዋን አገኛችኋት? የምትመታው የደም ቧንቧ ናት፤ እሷን ነው ዛሬ የምናወራው። ልብ ሲመረመር ካቴተሩ፣ ያ ቀጭን ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ የሚገባው በእሷ ነው።

አሁን ጀጎልን፣ የሐረርን ግንብ፣ አስቡ። መዳፋችሁ ጀጎል ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ለዛሬ ሁለት ይበቁናል። በአውራ ጣት በኩል ያለችው ቧንቧ ሸዋ በር ናት። በትንሿ ጣት በኩል ያለችው ኤረር በር። ውስጥ፣ መዳፍ ላይ፣ ይገናኛሉ። ሸዋ በር ተዘጋ እንበል። ፈረስ መጋላ ገበያው ይቆማል? አይቆምም! ሸቀጡ በኤረር በር ይገባል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ቧንቧው ተዘግቶ እንኳ የማይታወቀው። ታዲያ ምን ቸገረን? ሐኪሙ ነገ ተመልሶ ሲመጣ በር ያጣል። ኩላሊት ታሞ ዲያሊሲስ፣ ደምን በማሽን ማጣራት፣ ቢያስፈልግም ያቺ ቧንቧ ትፈለጋለች። እኔ በዚህ ነገር ቸልታ አልወድም።

መፍትሔው ባጭሩ፦ ቱቦው የቧንቧዋን ግድግዳ ሲፍቅ ደም ይረጋና ይዘጋታል። ስለዚህ እዚያው ሄፓሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት፣ ይሰጣል፤ የተለመደው በኪሎ 50 ዩኒት ወይም 5000 ዩኒት ነው። ቱቦው ሲወጣ አንጓ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ደግሞ መድማቱን ያቁም እንጂ ቧንቧዋን አይነቃት። ሪቫሮክሳባን የሚባለው ሌላ የደም መርጋት መከላከያም 10 ሚሊግራም ለ7 ቀን ተሞክሮ መዘጋቱን ቀንሷል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን እንዳትነኩት።

አንዲት እህታችን ጽፋልኛለች። «ደም ማነስ አለብኝ፤ እነዚህን የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ስወስድ ደሜ ውሃ አይሆንም ወይ?» ብዙዎቻችሁም ትሉታላችሁ። እህቴ፣ ያሳሳተን ስሙ ነው። ማቅጠኛ አልነው እንጂ አያቀጥንም! ወተት አስቢ። ወተቱ ቶሎ እንዳይረጋ ማድረግና ወተቱ ላይ ውሃ መጨመር አንድ ነው? አይደለም። ይሄም መርጋቱን ነው የሚያዘገየው። ቀይ ሕዋስሽን አይነካም። ደም ማነሱን ግን ለሐኪሙ ንገሪው። የሆነ ቦታ እየደማሽ ከሆነ መድኃኒቱ ያባብሰዋል።

ሰብስክራይብ ያላላችሁ በሉ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ከሆስፒታል ስትወጡ «ቧንቧዬ ክፍት ናት?» በሉ። ትርታ መዳሰስ ብቻ ያታልላል፤ በኤረር በር የገባ ደም በውስጥ ዞሮ ሸዋ በር ጋ ሊመታ ይችላል። ኦክስጅን መለኪያዋን አውራ ጣት ላይ አድርገው፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለችውን ቧንቧ ተጭነው ይዩላችሁ። መለኪያዋ ላይ የሚታየው የትርታ ሞገድ ጠፍቶ ከቀረ ሸዋ በር ተዘግቷል።