ውጣ ሲሏችሁ ውጡ፣ ክርክሩ በኋላ ነው

እንደምን አመሻችሁ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ ወንበር አለ። ዛሬ የምናወራው ስለ ትረስፓስ ነው፣ ያለፈቃድ የሰው ንብረት ውስጥ ስለመግባት፣ ከላካችሁልኝ ጥያቄ የበዛው የዴሊቨሪ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

እኔም ትምህርት ላይ ሆኜ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ምግብ አደርስ ነበር፣ አንድ ማታ ኦርደሩ "ጓሮ በር ላይ አስቀምጥ" ይላል፣ በረዶውን እየረገጥኩ ጓሮ ገባሁ፣ ጎረቤትየው ባትሪ አበራብኝና ፖሊስ ጠራ። ያዳነኝ እንግሊዝኛዬ እንዳይመስላችሁ፣ ስልኬ ላይ ያለችው ያቺ አንድ መስመር ናት። ባለቤቱ ግባ ካለህ ትረስፓስ የለም፣ ስለዚህ ስክሪንሾት አንሱ በቃ።

የሚኒሶታ ህግ ዋናው ነገሩ ውጣ ተብለህ አልወጣም ማለትህ ነው፣ ያውም እዛ የመሆን መብት አለኝ የምትልበት ምክንያት ሳይኖርህ። በ1984 ሃኒዌል የሚባል ኩባንያ መስሪያ ቤት ተቃውሞ ወጥተው የተከሰሱ ሰዎች ጉዳይ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ መብት እንዳልነበራቸው ማስረዳት ያለበት አቃቤ ህግ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ግን ማስረጃውን ተከሳሹ የሚያመጣ ይመስለዋል። ይሄን ሰምታችሁ ደሞ ሴኩሪቲ ጋር እንዳትጋጠሙ፣ ሞል ኦፍ አሜሪካ ውስጥ ተቃውሞ ያደረጉት የመናገር መብታችን ነው ብለው በ1999 እዛው ፍርድ ቤት አልሰራላቸውም፣ ሞሉ የግል ንብረት ነው። ጥፋቱ ቀላል ቢባልም እስከ 90 ቀን እስር አለው፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰው ደሞ ለብቻው ጠበቃ ያማክር።

ችግር አስገድዶህ የሰው ንብረት ላይ ብትቆይስ? እዚህ ላይ እኔ የምወደው እዚሁ ሚኒሶታ ዱሉዝ ከተማ የሆነውን ጉዳይ ነው። በ1905 ኖቬምበር አንድ መርከብ ጭነቱን አራግፎ ሊሄድ ሲል ማዕበል መጣ፣ የሚጎትተው ጀልባም ጠፋ፣ ሰራተኞቹ ገመዱ በተበጠሰ ቁጥር እየቀየሩ ከሰው ወደብ ጋር አስረውት አደሩ፣ መርከቡ ዳነ ወደቡ ግን እየተመታ ተጎዳ። በ1910 ፍርድ ቤቱ መቆየታችሁ ልክ ነው፣ 500 ዶላሩን ግን ክፈሉ አለ። ከዛ ሁለት አመት ቀደም ብሎ ቨርሞንት ውስጥ ደሞ በማዕበል ጀልባቸውን ሰው ወደብ ላይ ያሰሩ ቤተሰብ ነበሩ፣ የባለቤቱ ሰራተኛ ገመዱን ፈታባቸው፣ ጀልባው ተሰባበረ፣ እዛ ፍርድ ቤቱ ከቤተሰቡ ጎን ቆመ።

እንግዲህ ጃንዋሪ ላይ መኪናችሁ ገጠር መንገድ ላይ ቢቆም፣ ስልኩም ቢሞት፣ ብርዱ ሳይገድላችሁ የሰው ጋራጅ መስኮት ሰብራችሁ ብትገቡ የምትከራከሩበት አላችሁ። መስታወቱን ግን ትከፍላላችሁ፣ ቢሉ ሲመጣ እንዳትደነግጡ።