ስልኩ ሌሊት የት ይደር?

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ በመካከላችን የተገኛችሁ ውድ ተማሪዎች፤ በዛሬው የወላጆች ቀን ፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት መስጠት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ወላጆች ስሞታ ቀስ በቀስ መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ «ልጄ መጥፎ ጓደኛ ያዘብኝ» ይሉኝ የነበሩ እናቶችና አባቶች ዛሬ «ልጄ ስልክ ላይ ተተክሎ ይውላል፤ ስናገረው ይቆጣል፤ ከእኛ ጋር ማዕድ መቅረብ እንኳ ትቷል» ይሉኛል፤ አስከትለውም «ስልኩን ልንጠቀው ወይስ ልተወው?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ከወላጅ ጭንቀት የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን መርጬ መመለስ አልችልም። በሥራዬ እንደታዘብኩት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሌሊት፣ ስልኩ በልጁ ትራስ ሥር በሚያድርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በአብዛኛው ስለ እንቅልፍ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ሰንፏል» ተብሎ ወደ እኔ ተላከ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ለውጬ ነው የምነግራችሁ። ምንም ከመምከሬ በፊት አንድ ሙሉ ቀኑን በየሰዓቱ እንዲተርክልኝ ጠየቅሁት። ከራት በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ቴሌቪዥን ያያል፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይጠብቃል፤ የሚገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ሌሊት ላይ ዋጋው የሚቀንሰውን ነውና እኩለ ሌሊት ሲደርስ ስልኩን ይከፍታል። «ቀን ላይ ገንዘብ አላባክንም» ሲለኝ ቆጣቢነቱን እንዳደንቅለት ይጠብቅ ነበር። ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ሲል፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በቴሌግራም ሲጻጻፍ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሁለት ታክሲ ይዞ ስለሆነ እናቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትቀሰቅሰዋለች። በአንድ ሌሊት የሚተኛው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው ማለት ነው።

ይህ ልጅ ራሱን ያመው ነበር፤ ቁርስ አይበላም፤ በትንሽ በትልቁ ዕንባው ይመጣል፤ ይወደው የነበረውን ኳስ ትቷል። በተላከበት ወረቀት ላይ ግን ከ«ስንፍና» ሌላ የተጻፈ አልነበረም።

በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት በተፈጥሮው ይዘገያል። ሲመሽ አንጎል የሚያመነጨውና ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በታዳጊዎች ላይ በልጅነታቸው ከነበረው እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። በመሆኑም ከምሽቱ 3 ሰዓት «ተኛ» የተባለ የ15 ዓመት ልጅ «እንቅልፌ አልመጣም» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የስልኩ ብርሃን ይህንን ሆርሞን ይበልጥ ያዘገየዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከብርሃኑ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣው የሚታየው ነገር ነው፤ መልስ ያላገኘ መልእክት፣ የሚያናድድ አስተያየት፣ ማብቂያ የሌለው ቪዲዮ አእምሮ ዘብ እንደቆመ ሰው ነቅቶ እንዲያድር ያደርገዋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ታዳጊዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። ሒሳቡን በየቤታችን እንሥራው፤ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ዝቅተኛውን 8 ሰዓት እንዲያገኝ ከምሽቱ 4 ሰዓት እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ለሚነሣው ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል ላይ። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ስሜትን የመግታት አቅሙ ይዳከማል፤ በቀን የተጠናውም ትምህርት በደንብ የሚጸናው ተኝተን ሳለ ነው። ልጃችን ማታ «እያጠናሁ ነው» ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያመሽ የምንደሰት ወላጆች ይህንን ብናስብበት እወዳለሁ።

ስለ ስልክና ስለ አእምሮ ጤና ስንነጋገር በመረጃ ረገድ ሐቀኞች መሆን አለብን። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ ሙርቲ ባወጡት ማሳሰቢያ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች የድብርትና የጭንቀት ምልክት የማሳየት ዕድላቸው እጥፍ መሆኑን ጠቅሰዋል። በሌላ በኩል በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ሽቢልስኪ ከ350,000 በላይ ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም በአንዱና በሌላው ታዳጊ ደኅንነት መካከል ከሚታየው ልዩነት ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ እንደሚያስረዳ አግኝተዋል። ሁለቱ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን ከሁለቱም አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ሰዓት መቁጠር ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት የሒሳብ ትምህርት በዩቲዩብ የተከታተለችን ልጅና ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሌሎችን ፎቶ እያየች «እኔ አስቀያሚ ነኝ» ስትል ያደረችን ልጅ በአንድ መዝገብ ልናሰፍራቸው አይገባም።

የ10ኛ ክፍሉ ተማሪም በሦስተኛው ቀጠሮ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። አባቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። «ስልኩን ካጠፋሁት ሐሳብ ይመጣብኛል» አለኝ። እንቅልፍ ያሳጣው ስልኩ መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ ስልኩ የገፋው ግን ናፍቆትና ስጋት ነበር። እናቱ ስልኩን ብትነጥቀው ኖሮ የሚሸሽበትን ትነጥቀው ነበር፤ የሚሸሸው ነገር ግን እዚያው ይቀር ነበር። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ከመንጠቃችሁ በፊት ጠይቁ።

ልጆቻችን ሌላም ሸክም አለባቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በየቤቱ ሲነገር የሰማ የ9ኛ ክፍል ልጅ ቢጨነቅ ጭንቀቱ ከቲክቶክ አልመጣም። ሁሉንም በስልክ ማላከክ ለእኛ ለትልልቆቹ ስለሚቀለን ብቻ ልናደርገው አይገባም።

ለመምህራን ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱን በቴሌግራም የላክነው እኛው ነን፤ ብዙ ቤተሰቦች ለልጃቸው የመጀመሪያውን ስልክ የገዙትም ያን ጊዜ ነው። ያ ጊዜ አልፎም ልማዱ ቀጥሏል። ከምሽቱ 3 ሰዓት «ነገ ይዛችሁ ኑ» ብለን የቤት ሥራ በክፍሉ ግሩፕ ላይ ስንልክ ልጁን ከመኝታው ወደ ስልኩ የምንጠራው እኛ ነን። በዚያው ግሩፕ ውስጥ የአንዷ ተማሪ ፎቶ ተቆርጦ መሳለቂያ የሆነበትን ሌሊት አውቃለሁ፤ ልጅቷ እስኪነጋ ድረስ የሚጨመረውን እያንዳንዱን ቃል ስታነብ አድራለች። የቤት ሥራ በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ የግድ መላክ ካለበትም ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይላክ።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት ስልኳን ከራት በኋላ እንድታስቀምጥ አዘዝኳት። «እሺ፤ አንቺስ እማዬ?» አለችኝ። ያን ሰዓት በእጄ የነበረው ስልኬ ነው፤ እየመለስኩ የነበረውም የሌላ ሰው ልጅ እናት የላከችልኝን መልእክት ነበር። የልጄን ፊት ሳላይ የሌላውን ልጅ እመክር ነበርና በጣም አዘንኩ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የእኔም ስልክ ከእሷው ጎን ሳሎን ያድራል።

ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ስለሆነ «ስልክ ከመኝታ ክፍል ይውጣ» የሚለው ምክር አይሠራልንም። የሚሠራው የቻርጀሩን ቦታ መወሰን ነው፤ ቡፌው ላይ ይሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ እጅ ከአልጋ ተዘርግቶ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ የሁላችንም ስልክ በዚያው ይደር። «የሚቀሰቅሰኝ ስልኩ ነው» ለሚሉ ልጆች የጠረጴዛ ሰዓት ግዙላቸው። ማታ የሚፈላውን ቡናም አስቡበት፤ ከራት በኋላ ቡና የጠጣ ልጅ ገላው ቢደክምም እንቅልፍ ይርቀዋል። ጠዋት የፀሐይ ብርሃን ማግኘት የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል፤ ሜዳ በጠፋበት ሰፈር ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ፈጠን ብሎ መራመድም ከዚህ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይሻላቸው ልጆች አሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ታዳጊዎች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ አትቆጡት፤ ብቻውንም አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የምታስጠምቁም ጸበሉን ሳትተዉ ሐኪሙንም አሳዩት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «አማኑኤል ሄደ ይሉታል» ብለው ወራት የዘገዩ ወላጆችን አውቃለሁ፤ በእነዚያ ወራት የተሠቃየው ልጁ ነው።

ያ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከእናቱ ጋር ተስማምቶ ስልኩን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቡፌው ላይ ማሳደር ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት ሲገላበጥ አደረ፤ በአራተኛው ሳምንት 5 ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። አባቱ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይደውልለታል። ናፍቆቱ አልለቀቀውም፤ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ወደ እኔ ይመጣል፤ ኳሱን ግን ጀምሯል።

በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለየቤተሰቡ አንድ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ያሉት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ስልኮቻችን ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይቀመጣሉ፣ የትስ ያድራሉ። ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ ሙሉት፤ ወላጅም ልጅም ይፈርምበት፤ ወረቀቱንም ይዛችሁ ሂዱ። ለብቻችሁ ልታነጋግሩኝ የምትፈልጉ እስከ 7 ሰዓት ቢሮዬ ውስጥ እገኛለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።