የአቢጌል ስፒሎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን የአቢጌል አዳምስን ደብዳቤዎች ይዤ ነው የማመሸው። ባሏ ጆን አዳምስ ኋላ ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ያኔ ግን እሱ ፊላደልፊያ፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች በሚሰበሰቡበት ኮንግረስ ላይ ነው፤ እሷ ማሳቹሴትስ ውስጥ ብሬንትሪ በሚባል ቦታ አራት ልጆች ይዛ እርሻውን ታስተዳድራለች።

እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1775 ገደማ ስትጽፍለት ስፒል ግዛልኝ ትለዋለች። አዎ፣ የልብስ ስፒል። አንድ እሽግ፣ 6,000 ፍሬ፤ ሳጥንህ ውስጥ ክተትልኝ ትላለች። በ7 ሺሊንግ ተኩል ይገዛ የነበረው 20 ሺሊንግ ገብቷል፣ በዚያም ዋጋ ጠፍቷል። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን መልእክት ታውቁታላችሁ፤ "ስትመጣ እባክህ ይቺን ያዝልኝ" የሚባለው ነው።

ለምን ጠፋ? እንዲህ ያለው ዕቃ ከእንግሊዝ ነበር የሚመጣው። ጆን ራሱ ያለበት ኮንግረስ ደግሞ ከዲሴምበር 1774 ጀምሮ የእንግሊዝ ዕቃ እንዳይገባ ወስኗል። አቢጌል ለነጻነቱ ከማንም በላይ የቆረጠች ሴት ናት። ግን ውሳኔው ሲተገበር ስፒል የሚያልቅባት እሷ ናት፤ ይህንንም ሳትሸፋፍን ለባሏ ትነግረዋለች። እኔ ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ ካነበብኩት ሁሉ ይህቺ ጥያቄ የበለጠ ገብታኛለች።

ጁን 17 ቦስተን አጠገብ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የባንከር ሂል ውጊያ ሆነ። የ7 ዓመቱ ልጇ ጆን ኩዊንሲ ከእሷ ጋር ኮረብታ ላይ ወጥቶ የቻርልስታውን ከተማን መቃጠል አየ። ጁን 18 ስትጽፍ ቻርልስታውን አመድ ሆኗል፤ መድፉም አላስበላ፣ አላስጠጣ፣ አላስተኛ ብሏቸዋል። ስፒል ግዛልኝ ካለች ገና ሁለት ሦስት ቀኗ ነው። ሁለቱን አከታትዬ ሳነብ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አስቀምጬ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ማርች 31 ቀን 1776፣ ያ ዝነኛው ደብዳቤ መጣ። አዲሱን ሕግ ስታወጡ ሴቶችን አትርሱ ያለችበት። ሰው ሁሉ እሱን ይጠቅሳል፤ ይገባዋልም። እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ጆን ለባሩድ የሚሆን ጨው ታወጪ እንደሆነ ጠይቋት ትመልስለታለች፦ ገና አልሞከርኩም፣ መጀመሪያ ሳሙናዬን ልጨርስ፣ ልጆቹን ከእርዛት የማወጣበት ልብስ መሥራቱም ጊዜዬን ሁሉ ወስዶታል ትለዋለች። ባሩድ ከሳሙና ቀጥሎ ተራ ይጠብቃል። በዚያ ጦርነት መሃል!

ሁለቱ የተጻጻፉት ከ1,100 በላይ ደብዳቤ ዛሬ የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር ዘንድ አለ፤ ኢንተርኔት ላይም በነጻ ይነበባል። ገብታችሁ ስታነቡ ስለ ገበያ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ አዝመራ የጻፈችውን አትዝለሉ።