ከዘራዬን ጋቢ ውስጥ የደበቅኩበት ቀን

(መስከረም 21፣ የዓለም አረጋውያን ቀን ጎንደር ላይ ሲከበር የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ የከተማችን የሥራ ኃላፊዎች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆቻችን፤ እንኳን አደረሳችሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ይህን ቀን የአረጋውያን ቀን ብሎ የሰየመው እንደ ፈረንጆቹ በ1990 ነው። ለእኛ ግን ከጥንትም የግሼን ማርያም ቀን ናት። ብዙዎቻችሁ ቅዳሴ ቆማችሁ፣ እግራችሁ ዝሎ ነው እዚህ የደረሳችሁት። ስለዚህ ብዙ አላቆያችሁም። ሽማግሌ «ብዙ አላቆያችሁም» ካለ ግን ተዘጋጁ።

የመጣሁት ስለ ትራንስፖርት ልናገር ነው። 32 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ነገሩንም በሒሳብ ሰው ዓይን ነው የማየው።

አምና አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ሹፌሮችን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ አረጋውያንን በነፃ ጫኑ» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ማን እንደሚከፍል ግን የተናገረ አልነበረም። የጠየቀም አልነበረም።

የመጀመሪያው ሳምንት ማር ነበር። «አባባ ይግቡ፣ እማማ ቀስ ይበሉ» ተባልን። በሁለተኛው ሳምንት የባጃጅ ልጆች ዓይናቸው ተሳለ። ነጭ ጋቢና ከዘራ ካዩ ከሩቁ ይፈተለካሉ።

ታኅሣሥ ላይ የደም ግፊት ቀጠሮ ነበረኝ። ከቤቴ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ጎንደርን ታውቋታላችሁ። አፄ ፋሲል ሲቆረቁሯት ሽማግሌ በእግሩ ይሄድባታል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም፤ ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ቁልቁለት። አንድ ባጃጅ ባዶውን አለፈ። ሁለተኛው ቀስ አለ፣ ከዘራዬን አየ፣ ሄደ። አምስተኛው ሲያልፈኝ ደሜ ፈላ። ግፊቴን ሊለኩኝ ሆስፒታል ሳልደርስ ግፊቴ እዚያው ወጣ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ከዘራዬን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅኩት። ጀርባዬን ቀጥ አደረግኩ። በ71 ዓመቴ ጎረምሳ ልመስል! ስድስተኛው ቆመ።

ገብቼ ስቀመጥ ከዘራው ከብረቱ ጋር ቋ አለ። ልጁ በስፖኪዮ አየኝ።

«አባባ፣ ከዘራውን ምነው ደበቁት?»

«አንተ እንዳታመልጠኝ ነዋ!»

ሳቀ። ትንሽ እንደሄድን ሳቁን ተወው። «እውነቱን ልንገርዎት አባባ። ባጃጁ የኔ አይደለም። ማታ ለባለንብረቱ ገቢ አስገባለሁ። ነዳጁ ከኔ ነው። ጎማ ሲፈነዳም ከኔ ነው። የምጭነው ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ በነፃ ከሄደ ሲሶው ሄደ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አራት ሽማግሌ ጭኛለሁ። እርስዎ አምስተኛዬ ነዎት። ማታ ለሰውየው ምን ልበለው?»

ሒሳቡን በልቤ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ልክ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ሒሳቤን ሰጠሁት። «አልቀበልም» አለ። ተጨቃጨቅን። ገንዘቡን ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩ። «አባባ! አባባ!» እያለ ሲጣራ በከዘራዬ እየተመረኮዝኩ ሄድኩ። በዚያን ቀን ያመለጥኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ያንን ውሳኔ ደግነት ትሉታላችሁ? እኔ አልለውም። በሰው ጤፍ ዝክር ማውጣት ነው! ያወጀው ሰው ከኪሱ ሰባራ ሳንቲም አልወጣም። ምስጋናው ለእሱ፣ ዕዳው ለባጃጅ ልጅ። መንገድ ዳር ቆሞ መቅረቱ ደግሞ ለእኛ!

ነፃ ጉዞ ይቻላል። እንግሊዞች እንደ ፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ በመላ አገራቸው አረጋውያንን በአውቶቡስ በነፃ ያሳፍራሉ። ግን አስበው ነው። በሥራ ቀን ነፃው የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ሠራተኛው ቢሮው፣ ተማሪው ክፍሉ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ያን ጊዜ ባዶ ወንበር ሞልቷል። ሽማግሌው ገባም አልገባም አውቶቡሱ ይሄዳል፤ ናፍጣው ያው፣ የሹፌሩ ደሞዝ ያው። ደግሞ ለአውቶቡስ ኩባንያው የአካባቢው አስተዳደር ይከፍላል። መርሁ ኩባንያው እንዳይጎዳም፣ እንዳያተርፍበትም ነው። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሙሉ ታሪፍ አይሰላም። ለምን? ነፃ ባይሆን ኖሮ ከተሳፋሪው ከፊሉ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ኩባንያው ከዚያ ሰውዬ መጀመሪያም የሚያገኘው ገንዘብ አልነበረም።

ኮሪያዎችን ደግሞ እዩ። ሴኡል ውስጥ 65 ዓመት የሞላው ሰው እንደ ፈረንጆቹ ከ1984 ጀምሮ በምድር ውስጥ ባቡር በነፃ ይሄዳል። ያኔ አገሩ ውስጥ ሽማግሌ ከመቶ አራት ቢሆን ነው። ዛሬ ከአምስት ሰው አንዱ ነው። ባቡሩ ይከስራል፤ ከተማውና መንግሥት «አንተ ክፈል»፣ «የለም አንተ ክፈል» ይባባላሉ። እነሱ ባለ ባቡሮቹ እንዲህ ከሆኑ፣ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅማ እንዴት ትቻለው?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ትልቅ አውቶቡስ በሚሠራበት መስመር፣ ከረፋዱ በኋላ፣ ነፃ አድርጉልን። 60 ሰው በሚጭን መኪና ላይ አንድ ሽማግሌ ቢጨመር ወጪው ከቁጥር አይገባም። ባጃጅና ታክሲ ላይ ግን ለልጆቹ ይከፈላቸው። «እንዴት ተደርጎ?» እንዳትሉኝ። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማ መነሳት ሲጀምር ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ የታለመ ድጎማ ተሰጥቶ የለም? ተሽከርካሪው ተመዘገበ፣ ድጎማው በቴሌብር ሆነ። ለሞተር የተቻለው ምዝገባ ለሽማግሌ ጉልበት ያቅታል?

«የጡረታ ደብተር ላለው ብቻ» የሚል ነገርም እንዳይመጣ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ያረጀ ልብስ ሰፊ፣ ጠላ ጠምቃ ልጅ ያሳደገች እናት፣ ገበሬው፣ ምን ደብተር ይዘው ይምጡ? ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ ይበቃል።

ስለ ቀጠሮና ስለ መድኃኒትም ጽፌ ነበር። ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ስለሆነ ይቅር።

ከኋላ የቆሙት ሦስት ልጆች ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። አንዱ ያ ልጅ ነው። የዛሬ ገቢያቸውን ትተው ነው የመጡት። ማይኩን አሳልፉላቸው።